የአባቴ የኩላሊት ሕመም በእኔም ውስጥ ይኖር ይሆን? ልመርመር ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ሲሆን በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። አባቴ 54 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልተው ሥራ ማቆማቸው ከተነገረን ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ይደረግለታል። ሐኪሙ በሽታው በዘር የሚተላለፍ መሆኑን ሲነግረን እናቴ ወሬው ከቤት እንዳይወጣ አስማለችን። የአባቴ እናት በ48 ዓመታቸው ድንገት ‘ራሴን’ ብለው ወድቀው በዚያው ሌሊት እንደሞቱ ይነገራል። የ33 ዓመቱ ወንድሜ ‘አልመረመርም፣ ማወቅም አልፈልግም’ ብሎ ቆርጧል። ታናሽ እኅቴ 16 ዓመቷ ነው። እናቴ በቀጥታ ባትነግረኝም ተመርምሬ ነጻ ከሆንሁ ለአባቴ ኩላሊት እንድሰጠው ትፈልጋለች። በዚህ ላይ እጮኛዬ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ስለ በሽታው የሚያውቀው ነገር የለም። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ልመርመር? ለእርሱስ ልንገረው? ቡናስ ልተው?»

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። «ልመርመር ወይስ ልተው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተቋጥረውበታል፤ የራስሽ ጤና፣ የአባትሽ ኩላሊትና ጋብቻሽ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜና በየራሳቸው ሚዛን መታየት ሲገባቸው ሁሉንም ባንድ ላይ ተሸክመሻቸው ነው እንቅልፍ ያጣሽው ብዬ አምናለሁ። መልሴ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ፤ በሁለት መስመር «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብዬ ብመልስልሽ በደልሁሽ ማለት ነው።

በቅድሚያ በሽታውን በስሙ እንጥራው። ከገለጽሽው ሁኔታ ጋር የሚስማማው «ፖሊሲስቲክ» ተብሎ የሚጠራው የኩላሊት በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች በሁለቱም ኩላሊቶች ውስጥ ከለጋ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየበዙና እየሰፉ ይሄዳሉ፤ ጤናማው የኩላሊት ክፍል ግን የጎደለውን እየሸፈነ ለብዙ ዓመታት ስለሚሠራ ሰውየው አንዳች ነገር ሳይሰማው 30 እና 40 ዓመት ሊሞላው ይችላል። በአብዛኞቹ ቤተሰቦች ውስጥ መነሻው ፒኬዲ 1 ወይም ፒኬዲ 2 በሚባሉት ዘረመሎች በአንዱ ላይ የሚገኝ ስሕተት ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያው ያለባቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዓይነት ኩላሊት ሥራውን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ በ50ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው፤ በሁለተኛው ግን 70 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። አባትሽ በ54 ዓመታቸው እጥበት ላይ መሆናቸው ወደ መጀመሪያው ያመዝናል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም፤ አባትሽ ኩላሊታቸው የደከመበት ዕድሜ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ከሚጠየቁ ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ስለሆነ ነው። በአንድ ቤት ልጆች መካከል እንኳ የበሽታው ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚለያይም አብረሽ ያዢ፤ የአባትሽ መንገድ ያንቺ መንገድ ነው ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም።

የአወራረሱ ሥርዓት ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚሁ ላይ ነው። አባትሽ የዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂዎች አሏቸው፤ አንዱ ደኅና ነው፣ አንዱ ግን ስሕተት ያለበት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያወርሳሉ፤ ስለዚህ የእያንዳንዳችሁ ዕድል 50 በመቶ ነው። ወንድምሽ ቢወርሰው ያንቺ ዕድል አይቀንስም፤ ወንድምሽ ነጻ ቢሆንም ያንቺ አይጨምርም፤ ወንድ ወይም ሴት መሆንም ለውጥ አያመጣም። «አባቷን ትመስላለች» የሚባልልሽ ከሆነ ፊትሽ ስለ ኩላሊትሽ የሚናገረው ነገር የለም። አገራችን ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት የመቁጠር መልካም ልማድ አላት፤ ይህ ልማድ እናትም አባትም የተደበቀ ስሕተት ይዘው ሲገናኙ ብቻ ከሚገለጡ በሽታዎች ይጠብቃል። ያንቺን ቤተሰብ የገጠመው ግን ከአንድ ወላጅ የመጣ አንድ ቅጂ ብቻ የሚበቃው በሽታ በመሆኑ የቱንም ያህል የራቀ ሰው ብታገቢ የልጆችሽን ዕድል አይቀይረውም። ካልወረስሽው ደግሞ ልጆችሽ ከአንቺ የሚወርሱት ነገር አይኖርም፤ በሽታው ትውልድ ዘልሎ ወደ እነርሱ አይሄድም።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። «የዘር ምርመራ» ሲባል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ደም ተቀድቶ ወደ ሩቅ አገር የሚላክበትን ውድ የዘረመል ምርመራ ነው። በዚህ በሽታ ግን የመጀመሪያው መሣሪያ በጅማ በየዕለቱ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሠራው አልትራሳውንድ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ በሽታው መኖሩ የተረጋገጠ ሰው ዕድሜው ከ15 እስከ 39 ከሆነ በሁለቱ ኩላሊቶቹ በድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከረጢቶች ከታዩ በሽታው አለበት ይባላል። ዕድሜው ከ40 እስከ 59 ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ኩላሊት ቢያንስ 2 ከረጢቶች መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱም ዕድሜ ሲገፋ ያለ ምንም በሽታ አንድ ሁለት ከረጢት ማፍራት የተለመደ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይና አስተውዪ፤ ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ እንድታስታውሺ ብጠየቅ ይህን እመርጥ ነበር። አንቺ 27 ዓመትሽ ነው። በ27 ዓመት የሚደረግ አልትራሳውንድ «አለ» ካለ ቃሉ የታመነ ነው፤ «ምንም አላየሁም» ካለ ግን የተሟላ ነጻነት አይሰጥሽም፤ ከረጢቶቹ ገና በመሣሪያው ለመታየት ያልደረሱ ሊሆኑ ይችላሉና። 30 ዓመት ካለፈሽ በኋላ አንድም ከረጢት ካልታየ የመውረስሽ ዕድል እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ 40 ካለፈ በኋላ ደግሞ ጠቅላላ ከረጢቶቹ ከ2 በታች ከሆኑ በሽታው የለም ብሎ መዝጋት ይቻላል። እንግዲህ አንቺ ዘንድሮ ብትመረመሪ ልታገኚው የምትችዪው መልስ «አዎ» ወይም «እስካሁን አልታየም» ነው። «እስካሁን አልታየም» የሚለውን ቃል ይዘሽ ሦስትና አራት ዓመት መቆየት ትችያለሽ ወይ? ይህን ራስሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ብዙዎች የሚጨነቁት መጥፎውን ዜና እንዴት እንደሚቀበሉ ነው፤ እኔ ግን አልጋው ላይ ከመተኛትሽ በፊት ይበልጥ እንድትዘጋጂበት የምፈልገው ይህን መካከለኛ መልስ ነው።

የዘረመል ምርመራውስ? ይህ በዕድሜ የማይወሰን ቢሆንም አሠራሩን ባለማወቅ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሊያፈስስ ይችላል። መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው አንቺ ሳትሆኚ አባትሽ ናቸው። በእርሳቸው ደም ውስጥ ስሕተቱ የት ቦታ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ አንቺ ላይ ያ ቦታ ብቻ ይታያል፤ ያኔ «የለም» ማለት በእርግጥ የለም ማለት ይሆናል። የአባትሽ ሳይታወቅ አንቺ ብቻሽን ተመርምረሽ «ምንም አልተገኘም» ብትባዪ፣ ስሕተቱ የለም ማለት ይሁን ወይስ ምርመራው አላገኘውም ማለት ይሁን መለየት ያስቸግራል፤ በተለይ ፒኬዲ 1 በዘር መዝገባችን ውስጥ እርሱን የሚመስሉ ሌሎች ቁርጥራጮች ስላሉ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው። አባትሽ በሕይወት እያሉ ናሙናቸውን መስጠት መቻላቸው ለእናንተም ለልጆቻችሁም ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ባይቸኩልም አይረሳ።

«አንተስ ምን ትለኛለህ?» ብትዪኝ ሐሳቤን አልሸሽግም፤ ወደ መመርመሩ አዘነብላለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ በዚህ በሽታ ቀድሞ ያወቀ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከኩላሊት ድካም ብዙ ዓመታት ቀድሞ የሚነሣው ደም ግፊት ነው፤ ግፊቱ ያለ ሕክምና በቆየ ቁጥር ኩላሊትንም ልብንም ይጎዳል፣ በጊዜ ከተያዘ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ደግሞም ሳታስቢው ልታውቂው ትችያለሽ። ነገ አግብተሽ ብታረግዢ ለሽሉ የሚደረገው አልትራሳውንድ ኩላሊትሽን ሊያሳይ ይችላል፤ ባለሙያው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ፣ በደስታሽ ቀን፣ ያለ ዝግጅት ከምትሰሚው ይልቅ ራስሽ በመረጥሽው ቀን፣ ከመረጥሽው ሰው ጋር ሆነሽ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በዚህ በሽታ የተያዘች ሴት እርግዝና በአብዛኛው በደኅና የሚጠናቀቅ ቢሆንም የደም ግፊትና ከእርግዝና ጋር የሚመጣ መመረዝ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ስለሚያሰጋት ሐኪሟ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ማወቁ ይጠቅማታል። ለግፊት በሰፊው የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም ኩላሊትን የሚደግፍ መድኃኒት ሆኖ ሳለ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ስለሚጎዳ አስቀድሞ በሌላ መለወጥ አለበት።

ይሁን እንጂ ዝንባሌዬ ግዴታሽ አይደለም። ዛሬ መወሰን ካልቻልሽ ያለ ምንም ምርመራ ልታደርጊው የምትችዪው ነገር አለ፤ ደም ግፊትሽን ተለኪ። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዚህ ወር ደግሞ በተለያዩ ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ ተለክተሽ ቁጥሩን በደብተር ጻፊው። ወንድምሽም እንዲህ ቢያደርግ «አልመረመርም» ያለውን ቃሉን አላጠፈም፤ ታናሽ እኅትሽም እንዲሁ። የእርሷን ኩላሊት አሁን በአልትራሳውንድ ማየት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ምንም ሕመም የሌላት የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ አድጋ፣ ነገሩን ተረድታ፣ ራሷ እስክትወስን ድረስ ውሳኔው ሊጠበቅላት ይገባል።

ስለ ወንድምሽ ጥቂት ልጨምር፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ፈሪ አድርገሽ የሣልሽው ስለመሰለኝ ነው። አለማወቅን የመረጡ ሰዎች ሁሉ ፈሪዎች አይደሉም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናንሲ ዌክስለር እናቷ ሀንቲንግተን በሚባል አእምሮን ቀስ በቀስ በሚያጠፋ የዘር በሽታ ሞተውባታል፤ የእርሷም ዕድል እንደ እናንተ 50 በመቶ ነበር። በቬኔዙዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ፣ በሽታው በብዛት የሚገኝባቸውን ቤተሰቦች ለዓመታት እየተመላለሰች አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የዘረመሉ አድራሻ እንዲታወቅና በ1993 ራሱ ዘረመሉ እንዲገኝ ካደረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደም ነበረች። ምርመራው እንዲገኝ ያን ያህል የደከመች ሴት እርሷ ራሷ ሳትመረመር ለመኖር መረጠች፤ በ2020 በሽታው እንዳለባት ለሕዝብ ተናገረች። ሀንቲንግተንን የሚያስቆም ሕክምና ስለሌለ ዕድሉ እንዳለባቸው ከሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ ምርመራውን አይወስዱም። የእናንተ በሽታ በዚህ ይለያል፤ ሊደረግ የሚችል ነገር ስላለው ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ለአንድ ሰው ዕረፍት የሚሰጠው ማወቅ ይሁን አለማወቅ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነውና ወንድምሽን አትጫኚው፤ እርሱም አንቺን እንዳይጫንሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ፤ እናትሽ በቀጥታ ያላሉሽ ነገር።

አንቺ ለራስሽ ጤና ብለሽ መመርመርና ለጋሽ ለመሆን መመርመር ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። በሁለተኛው በር ስትገቢ «ነጻ ነሽ» የሚለው መልስ የምሥራች ብቻ ሳይሆን ጥሪ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ የምሥራቹን ፈርቶ ሊሸሽ ይችላል። እንቅልፍሽን ከነሣሽ ነገር ግማሹ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከመመርመርሽ በፊት ለእናትሽ በአክብሮት፣ ነገር ግን በግልጽ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ የምመረመረው ስለ ራሴ ለማወቅ ነው፤ ኩላሊት ስለ መስጠት ግን ገና አልወሰንሁም፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን ያን ለብቻው እንነጋገርበታለን።» ይህን ማለት ከአባት ፍቅር ማነስ የመጣ አይደለም።

ስለ ልገሳው ራሱ ልታውቂው የሚገባሽ ነገር አለ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ የሚገኘውም በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል ነው። የተተከለው ኩላሊት የለጋሹ ስለሆነ የአባትሽ በሽታ ወደ እርሱ አይዛመትም። ነገር ግን በሽታው ያለበት ቤተሰብ ልጅ ለጋሽ ከመሆኗ በፊት ከተራ አልትራሳውንድ የጠነከረ ማረጋገጫ ያስፈልጋታል። በአንቺ ዕድሜ ያለች ለጋሽ ቢያንስ ከአልትራሳውንድ ይልቅ ትንንሽ ከረጢቶችን አጥርቶ በሚያሳየው ኤምአርአይ በሚባል መሣሪያ መታየት ይኖርባታል፤ በሁለቱ ኩላሊቶች በድምሩ ከ5 በታች ከረጢቶች ከታዩ በሽታው የለም ለማለት ያስችላል፤ አለዚያም ቀደም ብዬ ያልሁት፣ በአባትሽ የሚጀምረው የዘረመል ምርመራ ነው። በ27 ዓመቷ በአንድ ንጹሕ አልትራሳውንድ ብቻ ተማምና ኩላሊቷን የሰጠች ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ የቀራት አንዱ ኩላሊት ቢታመም ምን ይሆናል? እናትሽ ይህን ቢያውቁ ኖሮ የሚቸኩሉ አይመስለኝም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እናትሽ ራሳቸው የአባትሽ ሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ስለዚህ ይህ የዘር ስጋት የለባቸውም። የደም ዓይነታቸው ከተስማማና ግፊትም ስኳርም ከሌለባቸው የትዳር ጓደኛ ለጋሽ መሆን በዓለም ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። እርሳቸውን ለመወንጀል ሳይሆን «ከልጆቹ በቀር ሌላ ሰው የለም» የሚለው ሐሳብ እውነት አለመሆኑን ለማሳየት ነው የምለው። ለጋሽ የሚሆን ሰው ከቤተሰቡ ተለይቶ ብቻውን በሐኪም መጠየቁ፣ ፈቃደኛ ካልሆነም ምክንያቱ ሳይገለጥበት «ለመስጠት ብቁ አልሆነም» ተብሎ ብቻ ለቤተሰቡ እንዲነገርለት ማድረጉ በንቅለ ተከላ ሕክምና የተለመደ ጥበቃ ነው። ይህ ጥበቃ እንዳለሽ እወቂ።

ስለ እጮኛሽ ያለኝ ሐሳብ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ንገሪው። የምትነግሪው ያልተመረመርሽውን ሳይሆን አሁን የምታውቂውን ነው፤ አባትሽ ምን እንዳገኛቸው፣ በዘር እንደሚተላለፍና አንቺም 50 በመቶ ዕድል እንዳለሽ። እናትሽ የፈሩት «በዘራቸው በሽታ አለ» የሚለውን የሰፈር አፍ መሆኑን እረዳለሁ፤ ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፣ ገና ሁለት እኅትማማች የሚዳሩበት ቤት ነውና። ለአንድ ሰው መንገር ግን ለመንደር ማወጅ አይደለም። መሐላው እንዳይከብድሽ አስቀድመሽ ለእናትሽ አሳውቂያቸው እንጂ ከጀርባቸው አታድርጊው። ከነገርሽው በኋላ «መጀመሪያ ተመርመሪና እንተያያለን» ቢልሽ ያ ስለ ኩላሊትሽ ሳይሆን ስለ ሰውየው ያወቅሽው ነገር ይሆናል፤ «በምትመረመሪበት ቀን አብሬሽ ልሂድ» ቢልሽ ደግሞ በቀጠሮሽ ቀን ማን አጠገብሽ እንደሚቀመጥ ታውቋል ማለት ነው።

ለመመርመር ከወሰንሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ አልትራሳውንድ ያለው ሌላ ተቋም መሄድ ትችያለሽ፤ ነገር ግን ዝም ብለሽ «ሆዴን እዩልኝ» አትበዪ። በመጀመሪያ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ተነጋገሪ፤ የምርመራ ወረቀቱ ላይ የአባትሽ ሕመም ይጻፍ፤ ሁለቱም ኩላሊቶችና ጉበትም ይታዩ፤ የከረጢቶቹ ቁጥርና የኩላሊቶቹ ርዝመት በጽሑፍ ይሰጥሽ። ኩላሊት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራና የሽንት ምርመራም በዚያው ይሠራልሽ። አባትሽ እጥበት በሚሄዱበት ቀን ወይም መጋዘኑ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት አታድርጊው።

ውጤቱ «አለ» ቢሆንስ? የሕይወትሽ አካሄድ በዚያ ቀን አይቀየርም። ጨው መቀነስ፣ ሐኪም ካልከለከለ ውኃ አዘውትሮ መጠጣት፣ ግፊትን መቆጣጠር፣ በዓመት ክሬቲኒን መታየት ነው ሥራው። ለወገብና ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ይቅርብሽ። ከረጢቶቹ የሚያድጉበትን ፍጥነት የሚቀንስ ቶልቫፕታን የሚባል መድኃኒት በዓለም ላይ አለ፤ ዋጋው ከባድ ነው፣ ጉበትን በደም ምርመራ መከታተልም ይጠይቃል፣ የሚታዘዘውም በሽታው በፍጥነት ለሚገፋባቸው ሰዎች ነው፤ ስሙን ግን እወቂው። ጫትን በተመለከተ በከተማችን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ይህ ዕድል ላለበት ሰው ሁሉ፣ ለወንድምሽም ጭምር፣ ቢቀር እመክራለሁ። ቡናን በሚመለከት ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ ካፌይን የከረጢቶቹን ሕዋሳት እንደሚያነሣሣ ቢታይም በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ታማሚዎች ኩላሊት ቶሎ ሲደክም አልታየም። አቦሉንና ቶናውን ጠጪ፤ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሲኒ ከሆነ ግን ቀንሺ። በጸበልም ይሁን በዱዓ ለሚጽናና ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም፤ ብቻ መድኃኒት አይቁምበት።

የአያትሽ ድንገተኛ ሞት በአእምሮዬ ተቀርጾ ቀርቷል። ይህ በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ከ8 እስከ 12 በሚሆኑት ላይ በአንጎል ደም ሥር ውስጥ እንደ ፊኛ የተነፋ ቦታ ይገኛል፤ ሲፈነዳ ድንገተኛ ከባድ የራስ ሕመም ያመጣል፤ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ይህ ደጋግሞ ይታያል። አያትሽ በዚህ ሞቱ ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ሐኪም ሳይነግሩት ሊያውቀው የማይችል ትልቅ ፍንጭ ነው። በሽታው እንዳለብሽ ከታወቀ ስለ አንጎል ደም ሥር ምርመራ መጠየቅ ይገባሻል። ከመካከላችሁ ማንም በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ኃይለኛ የራስ ሕመም በድንገት ቢይዘው «ያልፋል» ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ አልትራሳውንድ ሳይሆን ከአባትሽ ጋር መነጋገር ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ የእናትሽ ፍላጎት፣ የወንድምሽ እምቢታ፣ የእጮኛሽ አለማወቅ ሁሉም ተጽፏል፤ አባትሽ ምን እንደሚያስቡ ግን አንድም ቃል የለበትም። ከልጃቸው ኩላሊት መቀበል ይፈልጉ እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስልም። እጥበት በሌለበት ቀን፣ ቡናው ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ስለ እናታቸው ሕመም፣ ስለ አጎቶችሽና አክስቶችሽ፣ ማን በስንት ዓመቱ ምን ሆኖ እንዳረፈ ጠይቂያቸውና በወረቀት ላይ በየትውልዱ አስቀምጪው። ያ ወረቀት ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቢ በእጅሽ ይኑር። ኩላሊት ስለ መቀበል ያላቸውን ሐሳብም ከራሳቸው አንደበት ስሚ፤ እናትሽም በዚያ ቡና ላይ ቢኖሩ መልካም ነው።